የልደታን ሥዕል ማን ሣለው?

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

በሰው አገር ለምትኖሪው ለልጃችን ለአመተሥላሴ፤

እንደምን ከርመሻል? እግዚአብሔር አንቺንም ቤትሽንም በቸርነቱ ይጠብቅልኝ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ ወይዘሮ እመቤትም ደህና ናቸው፤ ሞላሌ ገበያ አግኝተውኝ «ልጄ ወፍራለች ወይስ ከስታለች?» ብለው ያዙኝ፤ እኔ ምን አውቄ ልመልስ። ስልኩንማ ተይው። ኔትወርኩ ሲኖር ጆሮዬ አይሰማም፣ ጆሮዬ ሲሰማ ኔትወርኩ የለም። እንደ ድሮው በወረቀት እንጨዋወት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባትሽ ያረፈበት፣ አንቺም ክርስትና የተነሣሽበት የወይራ አፋፍ ልደታ ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ ተሠርቶ ጣሪያው ለብሷል። ግድግዳው ግን ባዶ ነው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ክሊኒክ መስሏል። እኔ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ የሚነዘንዘው እኔን ነው። እንግዲህ የመቅደሱን ሥዕል አንቺ እንድታሠሪልን ጉባኤው በአንድ ድምፅ ወስኗል። ሳንጠይቅሽ መወሰናችንን እንደ ድፍረት አትቁጠሪብን።

ደንቡን አትረሽውም። ሥዕል ያሠራ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክኮ ይሣላል፣ ስሙም ከጎኑ ይጻፋል። አንቺም ነጠላሽን አጣፍተሽ ትሣያለሽና አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ላኪ፤ ፀጉርሽ ያልተቆረጠበት ቢሆን ይመረጣል። ሠዓሊም አግኝተናል። በዕድሜዬ ብዙ ሥዕል አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ እጅ ግን አላየሁም።

መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ። ጤናና ሰላም ያብዛልሽ።

የአባትሽ የአክስት ልጅ፣
ተክለጻድቅ


ሳን አንቶኒዮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተክለጻድቅ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን መድኃኔዓለም ይማርልዎ። ለእማዬ ወፍራለች ይበሉልኝ፣ ደስ ይላታል። ሥዕሉን አሠራለሁ፤ ለአባቴ ማረፊያ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። የሚያስፈልገውን በእማዬ በኩል ልኬያለሁ፣ ፎቶውም ይኸው። ፀጉሬ ተቆርጧል፤ ሠዓሊው ያስረዝመው።

ዛሬ ግን የምጽፍልዎ በንዴት ነውና ይታገሱኝ። የምሠራው የሥዕል ፍሬም የሚሠራ ሱቅ ውስጥ እንደሆነ ያውቃሉ። እዚያ ኤሎይሳ የምትባል ደንበኛ አለችን፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሠዓሊ፣ ደግሞም ደራሲ። ቺካኖ ናት። ቺካኖ የሚባሉት ዘራቸው ከሜክሲኮ የሆነ፣ እነሱ ግን እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው። የኤሎይሳ ቅድመ አያቶች ይሄ ምድር አሜሪካ ከመባሉ በፊት እዚሁ ከብት ያረቡ ነበር። እሷን ግን እስከ ዛሬ ከየት መጣሽ ይሏታል።

ይህች ሴት ስትሥል ቢያዩ ከአጠገቧ አይነሡም። አንዲት የልብስ ንጽህና ሠራተኛ አውቶቡስ ስትጠብቅ ሥላለች፤ ሥዕሉን ፍሬም ውስጥ ሳስገባ እጄ ሥራ ፈትቶ ቆሜ አየሁት። እና የከተማው አንድ ትልቅ ሙዚየም ከስንት ዓመት ልመና በኋላ ሥራሽን አምጪ አላት። ፍሬሙን ከደህና እንጨት ራሴ ሠራሁ። በመክፈቻው ዕለት አዲስ ጫማ አድርጌ ሄጄ አዳራሹን ሁሉ ብዞር ሥዕሏ የለም። በኋላ ጥበቃውን ስጠይቀው ኮሪደሩን አሳየኝ። ከመጸዳጃ ቤቱና ከካፌው መሀል ሰቅለውታል፣ ከጎኑም «የማኅበረሰብ ጥበብ» የሚል ካርድ። እሷ የሣለችውን ሰፈር አንድ ሰሞን ጎብኝቶ የሣለ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ግን ትልቁን አዳራሽ ብቻውን ይዞታል። የሜክሲኮዎች የሙታን መታሰቢያ በዓል ሲያልፍ የእሷን አወረዱት። ጋዜጣው ደግሞ «ሳትማር በተፈጥሮ ተሰጥኦዋ የምትሥል» ብሎ ጻፈላት። ሁለተኛ ዲግሪ አላት እኮ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሥዕል ስታስተምር ነው የኖረችው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። የሠዓሊው ስም ግድግዳው ላይ ይጻፍልኝ። የእኔ ስም ተጽፎ የሠራው ሰው ተረስቶ ሲቀር ማየት አልፈልግም። ለመሆኑ ማን ይባላል?

በጸሎትዎ አይርሱኝ።

አመተሥላሴ


መሐል ሜዳ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተሥላሴ፤

የአምላክ ሰላም ካንቺ አይለይ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከአሜሪካ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ይልቅ ከደብረ ብርሃን እዚህ ለመድረስ የፈጀበት ይበልጣል። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ማማረሩም ሰልችቶኛል። ውርጭ ባቄላውን መትቶታል፣ ገብሱ ግን ተርፏል። የእናትሽ ነጭ በግ መንታ ወልዳለች፤ አንዷ ግልገል ጡት አልይዝም ብላ በጠርሙስ ወተት እያጠቡ አሳድገዋታል፣ አሁን እንደ ውሻ እየተከተለቻቸው ገበያ ትወጣለች። የመንደሩ ሰው ይስቃል፣ እሳቸው ይቆጣሉ። ሌላ ደህና ነው።

ሥዕሉ በደንብ እየሄደ ነው። የስደቱን ሥዕል፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ ስትወርድ ያለውን፣ ፎቶ አስነሥቼ ልኬልሻለሁ። ስለ ሠዓሊው ስም ያነሣሽውን ለጉባኤው አቅርቤ በመነጋገር ላይ ነን። ሠዓሊ እኮ ባገራችን በትሕትና ስሙን አይጽፍም፤ ለእግዚአብሔር የሠራውን እግዚአብሔር ያውቅለታል። ይህን ያህል የሚያጣድፍ ነገር አይደለም።

ስለ ጓደኛሽ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ካልተቆጣሽኝ ልንገርሽ፤ አሜሪካን የሚያህል አገር ጎበዝ ሠዓሊ ዓይኑ ሥር እያለ ያልፋል ብዬ ማመን ይከብደኛል። ሥራዋ ገና ያልበሰለ እንዳይሆን። የሠለጠነ ሰው ሥራን እንጂ ዘርን አያይም ሲባል ነው የሰማነው። ወይስ ሰው አታውቅም?

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ተክለጻድቅ


ሳን አንቶኒዮ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለጻድቅ፤

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ያለውን ግን ተቀምጠው ያንብቡት።

ስለ በጓ ይህን ሁሉ ጻፉልኝ። ስለ ሠዓሊው አንድ ቃል ለምኜ አጣሁ። «በትሕትና ስሙን አይጽፍም» ይሉኛል። ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ በረገጥኩት ደብር ሁሉ «ይህን የሣለ መምህር እገሌ» ተብሎ ተጽፎ አንብቤያለሁ፤ ማንበብ ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ትሕትናው ዛሬ ከየት መጣ?

«ሥራዋ ያልበሰለ እንዳይሆን» ያሉትንማ ለኤሎይሳ ተርጉሜ ነገርኳት። በሳቅ ሞተች። ሙዚየሙም እንዲሁ ነው የሚለኝ፣ አጎትሽ እዚያ ይሠራል ወይ አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልብ ወለድ ጽፋለች ጋሼ፣ ስለ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ። ሴትየዋ ቺካኖ ናት፣ ትወዳለች፣ ትጣላለች፣ ፈተና ታርማለች። አሳታሚው ምን ብሎ መለሰላት መሰለዎት? «አጻጻፉ ውብ ነው፤ ነገር ግን ድንበር የሚሻገር ሰው የለበትም፣ የምትጸልይ አያት የለችበትም፣ አንባቢዎቻችን እንዲህ ዓይነት ሜክሲኳዊት አለች ብለው አይቀበሉም።» እሷ እኮ ራሷ ናት ያችን የመሰለች። ድህነት ጨምሪበት፣ ቢላ ጨምሪበት፣ ያኔ እናየዋለን አሏት። እነሱ የሚያውቋትን ካልጻፈች ጸሐፊ አይደለችም፤ እነሱ የሚያውቋትን ከጻፈች ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሌላ ነገር መጻፍ አይችሉም ይላሉ። በየትኛው በር ትግባላቸው? ከእሷ ጋር የተማሩ ቺካኖ ጓደኞቿ ስንቶቹ ትተውት ቤት ቀቢ ሆነዋል። ሰው አታውቅም ወይ ላሉኝም፣ ሁሉንም ታውቃለች፤ እነሱ ናቸው እሷን ለማወቅ የማይፈልጉት።

የስደቱን ሥዕል አሳየኋት። ቀረብ ራቅ እያደረገች አየችው። ከእመቤታችን ጋር የተሰደደችው ሰሎሜ እንስራ አዝላ ማዘያው ደረቷ ላይ እንዴት እንደጠለቀ እያሳየችኝ «ይህን የሣለችው ሴት ናት፣ ተሸክማ የምታውቅ» አለችኝ። እኔም ሳየው እውነቷን መሰለኝ። የማን ልጅ ናት? ምንድን ነው የምትደብቁኝ?

መልስ እጠብቃለሁ። የበጎች ወሬ ይቅርብኝ።

አመተሥላሴ


መሐል ሜዳ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተሥላሴ፤

ጤናሽን ይስጥልኝ። ክረምቱን ሙሉ ዝም ማለቴን መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። አልተዘጋም። ወረቀት አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። እንግዲህ ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ሴት ናት፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። የትምወርቅ ትባላለች። ከአፋፉ በታች ያሉት የሸክላ ሠሪዎቹ፣ የጠይቦቹ፣ የእነ ጥሩሸዋ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት ገብታ በማዕረግ ተመርቃለች፤ እዚያ ሥራ ብታጣ ተመልሳ ከእናቷ ጋር ጭቃ ታቦካለች። የደብሩ አለቃ ገብረ ክርስቶስ ሥራዋን ባየ ጊዜ እንባ ቀርቦት ነበር። ሲነሣ ግን «ሥዕሉ ይሠራ፣ ወሬው እዚሁ ይቅር» አለን። ምክንያቱን ለአንቺ አልነግርሽም፣ እዚሁ አድገሽ ታውቂዋለሽ። ጠይብ ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው የሚለው ነገር። በጥሩሸዋ ድስት ወጡን ሠርቶ እየበላ፣ ገበያ ላይ ስታየው ልጁን በነጠላው የሚሸፍን አገር ነው። እኔ እንዲህ ዓይነቱ ክፉ ልማድ እንዲቀር ሳስተምር ጡረታ ወጣሁ፣ ማንም አልሰማኝም።

የሆነውን ስሚኝ። የትምወርቅ ቤቷ ሆና አቡጀዴ ጨርቅ ላይ ትሥላለች። የተጠናቀቀውን ጠቅልላ፣ በገበያ ቀን ከሸክላው ጋር በአህያ ጭና ታመጣዋለች። ግድግዳው ላይ በሙጫ የሚለጥፈው መሪጌታ ውባየሁ ነው። መሰላል ላይ ያየው ሁሉ ሠዓሊው እሱ ነው አለ። «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ የእኔ መለጠፍ ብቻ ነው» አላቸው፣ እውነቱን ነው የተናገረው። እነሱ ግን ይሄ እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው ብለው ይበልጥ አደነቁት። ባስተባበለ ቁጥር እየተነሡ እጁን ሳሙት። በሰኔ ከሀገረ ስብከቱ ለጉብኝት የመጡ አባት ካባ አለበሱት። ካባውን ሲለብስ ማስተባበሉን ተወ። ይኸው ዛሬ መቋሚያውን ይዞ ስለ ቀለም አቀማመጥ ያስተምራል። እኔ ይህን እያየሁ ደሜ ይፈላል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ዝም ብዬ እፈርማለሁ።

የባሰው ቀጥሎ ነው። የአንቺ ፎቶ ለየትምወርቅ ተልኮ ነበር፤ አንቺን ለመሣል ማየት አለባትና። እናትሽ ፎቶው የት እንዳለ ከማን እንደሰሙ አላውቅም። ቤቴ ድረስ መጥተው «ልጄን ለጠይብ ሰጣችኋት፣ ስታፈጥባት ልትውል ነው» ብለው ጮሁብኝ። ፎቶሽን አስመልሰው ጸበል ረጭተውበት ሣጥን ውስጥ ቆልፈውታል። ከእመቤታችን እግር ሥር ቦታሽ ባዶ ነው።

ፍረጂኝ እንግዲህ። እናትሽን ግን አትቆጪያቸው፣ ለአንቺ ብለው ነው።

ተክለጻድቅ


ሳን አንቶኒዮ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለጻድቅ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላ የማመሰግንበት ነገር አላገኘሁም።

ለእማዬ ደወልኩላት። «በዚያ ሰሞን አሞሽ ነበር?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ። ራሴን አሞኝ ነበር አልኳት። «ይኸው» አለች። እማዬ፣ የሰው ፊት አይታ የምትሥል ሴት ሰው በላች ይባላል ወይ ብላት፣ «አንቺ እዚያ ሆነሽ አታውቂም» ብላ ዘጋችብኝ። ራስ ምታቴ እሷ ራሷ ናት፤ ይህን ለማን አስረዳለሁ። እኔ እዚህ ስለ ኤሎይሳ ሙዚየሙን ስራገም፣ የዚህን አገር ሰው ይህን አስተሳሰብ ከየት አመጣችሁት እያልኩ ስሟገት፣ ጉዱ እናቴ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ለእርስዎ የጻፍኩት ሌላ ደብዳቤ ነበር። የየትምወርቅ ስም ካልተጻፈ የእኔም ይፋቅ፣ የከፈልኩትን መልሱ፣ አለቃውን እከሳለሁ፣ ያላልኩት አልነበረም። ለኤሎይሳ አነበብኩላት። ጨርሼ ሳበቃ «እሷስ ምን አለች?» አለችኝ። ማን? አልኳት። «ሠዓሊዋ ናታ።» እውነቷን ነው ጋሼ። አንድ ዓመት ሙሉ ተጻጻፍን፣ ጉባኤው ስንት ጊዜ ተቀመጠ፣ ማን ጠየቃት? «ስለ እኔም ሲሰበሰቡ እንደዚሁ ናቸው፣ እኔ የሌለሁበትን ስብሰባ ይወዱታል» አለችኝና ያንን ደብዳቤ ቀደድኩት።

ይሂዱና ይጠይቋት። ያለችውን ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ።

አመተሥላሴ


መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተሥላሴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ሄጄ ጠየቅኋት፤ በዱላ ተደግፌ ያንን ቁልቁለት ወርጄ።

የትምወርቅ የመጨረሻው ነው የቀራት፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ያቀፈችበት፣ ሰው ሁሉ የሚሳለመው ዋናው። ስምሽ እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። እየሠራች ነበር፤ ብሩሹን እንኳ አላስቀመጠችም። «ስም ቀለም ነው ጋሼ፣ እኔ ስሄድ ይፍቁታል። ስሜ ይቅር። አለቃውና ጉባኤው አንድ ቀን መጥተው እናቴ ቤት ምሳ ይብሉ። ያኔ የመጨረሻውን እሰጣችኋለሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ለጉባኤው አቀረብኩ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ። በመጀመሪያ ጾም ነው አሉ። እሷም አውቃዋለች፣ ሽሮ ነው የምታቀርበው አልኩ። መንገዱ ገደል ነው አሉ። የጉባኤው አባል አቶ አወቀ ጨጓራዬን አሞኛል አለ፤ ባለፈው ተዝካር ላይ ሦስት ሰው የሚበቃውን ብቻውን ሲበላ አይቼዋለሁ። አለቃ ገብረ ክርስቶስ ብዙ አስቦ «ለምን ምግቡን አታመጣውም፣ ባርከን እንመልስላታለን» አለ። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ስም እንጻፍላት የሚለውን ሲቃወሙ የከረሙት ሰዎች ሳይቀሩ፣ ከመብላቱ ስሟን ብንጽፍ ይሻላል ብለው ተነሡ። እሷ ግን ምሳውን ነው ያለችው።

ብቻዬን ሄድኩ። ጥሩሸዋ ለእኔ በአዲስ ገበታ አቅርባ፣ «ማንም ያልበላበት ነው፣ አይጠራጠሩ» አለችኝ። እሷ ርቃ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። ነይ አብረሽኝ ብዪ አልኳት፣ እምቢ አለች። እኔን ፈርታ አይደለም፣ ለእኔ ፈርታ ነው፤ ሰው ቢያይዎ ምን ይላል ትለኛለች። አንቺ ካልበላሽ አልበላም ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ተፋጠጥን። በመጨረሻ መጣች። ጨው በዝቶበት ነበር፣ ጨርሼ በላሁት።

የትምወርቅ ግን አንድ ሰው ጉባኤ አይባልም አለችኝ። ሥዕሉን አልሰጠችኝም፣ ልክ ናት።

ተክለጻድቅ


ሳን አንቶኒዮ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለጻድቅ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ያንን ቁልቁለት መውረድዎን ለእማዬ ነገርኳት። «በላ?» አለችኝ። በልተዋል፣ ደህና ናቸው አልኳት። «ገና ነው» አለችኝ።

ኤሎይሳን ሙዚየሙ ጠራት። የመክፈቻ ቀን ተቆረጠ፣ በዚህኛው ጊዜ ትንሽ አዳራሽ ነው እንጂ ኮሪደር አይደለም ተባለ። ደስ ብሎን ፍሬም መምረጥ ጀመርን። ቀጥሎ ከቢሮው ያለች ልጅ ደወለች። «አንድ ሐሳብ አለን፤ ለእንግዶቹ ታማሌ አብስለሽ ብታመጪ እንዴት ያማረ ይሆናል።» ታማሌ በበቆሎ ሊጥ የሚሠራ ምግባቸው ነው። ኤሎይሳ ለገና እንኳ ከዳቦ ቤት ገዝታ ነው የምትበላው። «እኔ ሠዓሊ ነኝ፣ ታማሌ የሚሸጥ ዳቦ ቤት ከእናንተ ፊት ለፊት አለ» አለቻት። ከሳምንት በኋላ ዝግጅቱ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል የሚል ወረቀት መጣላት። ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ፤ እሷ ፍሬሞቹን እያቀፈች መኪናዋ ውስጥ ትጭናለች።

የየትምወርቅን ነገር ያን ዕለት ነው የነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «እነዚህ ምግቤን ይበላሉ፣ ሥዕሌን አያዩም። እነዚያ ሥዕሏን ይሳለማሉ፣ ምግቧን አይበሉም። ምናለ ብንቀያየር» አለችኝ። ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

የእኔን ምስል ተዉት፣ አልፈልገውም። በዚህ ሰሞን ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ኤሎይሳ ለየትምወርቅ ብሩሾቿን ልካለች። ለእሷ በእጇ ይስጧት፣ በጉባኤው በኩል እንዳያልፍ አደራ።

አመተሥላሴ


መሐል ሜዳ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተሥላሴ፤

ልደታን በሰላም አሳልፈሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ብሩሾቹን ለየትምወርቅ በእጇ ሰጥቻታለሁ። አንድ በአንድ አውጥታ ጉንጯ ላይ እያሻሸች አየቻቸው፤ «ይህቺ ሴት ብዙ ሠርታባቸዋለች» አለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ግንቦት አንድ ተመረቀ። ሕዝቡ ከራቤልም ከሞላሌም መጥቶ ግቢው አልበቃ ብሎ ነበር። ከእኔ በቀር ምሳውን ሊበላ የሄደ የጉባኤ አባል እስከ መጨረሻው አልነበረም፤ የትምወርቅም የመጨረሻውን ሥዕል አልሰጠችም። ምስለ ፍቁር ወልዳን አንተ ሣለው ቢሉት መሪጌታ ውባየሁ ምን ይመልሳል? እጄን ቁርጥማት ያዘኝ አለ። አንድ ወር ሙሉ እጁን በሻሽ አስሮ ዞረ፣ ሰውም እያዘነለት ቅቤ አመጣለት። በዚህ መሀል በዓሉ ደረሰ። አለቃ ገብረ ክርስቶስ ዘዴ አገኘ። ዋናው ሥዕል መቼም በመጋረጃ ነው የሚሸፈነው፤ እንግዲያው መጋረጃውን እንስቀል አለ። ቀይ ከፋይ ተገዝቶ፣ ወርቅ ዘርፍ ተሰፍቶለት፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

በምረቃው ዕለት ምስጋና የማነበው እኔ ነበርኩ። «ሥዕሉን የሣሉት መሪጌታ ውባየሁ» የሚለውን አላነብም አልኩ። አለቃው ወረቀቱን ወስዶ ለአቶ አወቀ ሰጠው፣ እሱ አነበበው፣ እልል ተባለ። የጸሐፊነቱን ማኅተም በነጋታው መልሼ አስረክቤያለሁ። ከዚህ በላይ ማድረግ ነበረብህ ካልሽኝ፣ ነበረብኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እየተሰለፈ መጋረጃውን ተሳለመ። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ የታመመው ሁሉ። እናትሽም ግንባራቸውን ከፋዩ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ፤ ስምሽን ሲጠሩ ሰምቻለሁ፣ እንባቸውም ወርዷል። ከኋላው ምንም እንደሌለ ሰባት ሰው እናውቃለን።

የትምወርቅ መጥታ ነበር። ከእናቷ ጋር ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ሁልጊዜ እነሱ ከሚቆሙበት ቆመው፣ በተከፈተው በር ሰልፉን ያያሉ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ምን ልበላት? እግዚአብሔር ያያል ልላት ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ከምሥልላቸው ባዶው ተመቻቸው» አለችኝ።

ከአንቺ ገንዘብም ፎቶም ለምኜሻለሁ፤ ዛሬ የምለምንሽ ይህችን ልጅ ምን እንደምላት ነው። አንቺም የምትዪው ካጣሽ ያቺን ጓደኛሽን ጠይቂልኝ።

ተክለጻድቅ